ሊዩ ሺያቦ የተከሰሰባቸው ነጥቦች፦ ለአንድ የነቀፋ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ቻይናዊው ገጣሚና ሐያሲ ስለ ሊዩ ሺያቦ ሰሞኑን በአማርኛ የቀረበ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። የጸሐፊው ክሶች ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ሊዩ ገጣሚ የተባለው በግጥሙ ሳይሆን በፖለቲካው ነው፤ በ1980ዎቹ ስሙ የገነነው ታላላቆቹን በመዝለፍ ነው፤ አገሩን ከመጥላቱ የተነሣ በባዕድ እንድትገዛ ተመኝቷል፤ በ1989 ወታደሩ ቤጂንግ ውስጥ በሰልፈኞች ላይ ስለ ፈጸመው የቲያናንመን ግድያ የሰጠው ቃል ተለዋዋጭ ነበር፤ በኢንተርኔት የጻፈው ሁሉ በአሜሪካ ገንዘብ ለአሜሪካ የተጻፈ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲሳደብ ኖሮ በመጨረሻ በፍርድ ቤት «ጠላት የለኝም» ማለቱም አስመሳይነት ነው። ጸሐፊው በብዙ ድካም የሰበሰቡት ማስረጃ ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። አንዳንዱ እውነት ነው፤ ያንን እውነት ግን ከጊዜውና ከቦታው ነቅለው፣ ሊዩ ራሱ በኋላ የጻፈውንም ትተው ስላቀረቡት፣ አንባቢ ዘንድ የደረሰው ሥዕል የተዛባ ነው። በተለይ አንድ ነገር ጨርሶ አልታያቸውም፦ የሊዩ ብዕር ከሁሉ ይልቅ የጨከነችው በሊዩ በራሱ ላይ ነበረች። ከዚህ በታች የማቀርበው መልስ ሁሉ ወደዚህ ጉዳይ መመለሱ አይቀርም።

ሰውየውን ለማያውቁት ጥቂት ልበል፤ ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሊዩ በ1955 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በቻንግቹን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሥነ ጽሑፍ መምህርና ለኮሚኒስት ፓርቲው ታማኝ ሰው ነበሩ። በባህል አብዮቱ ዘመን ቤተሰቡ ወደ ውስጣዊ ሞንጎሊያ ገጠር ተላከ፤ ሊዩም የጉርምስና ዕድሜውን በእርሻና በግንባታ ሥራ ካሳለፈ በኋላ፣ ተቋርጦ የቆየው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በ1977 ሲመለስ ጂሊን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የቻይና ሥነ ጽሑፍ አጠና። ከዚያ በቤጂንግ መምህራን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ እዚያው በ1988 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከ1989 እስከ 2017 በነበሩት ሃያ ስምንት ዓመታት አራት ጊዜ ነፃነቱን አጥቶ፣ በ2010 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጥቶት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ፍርዱን ሳይጨርስ በጉበት ካንሰር ሞተ።

የመጀመሪያው ክስ ግጥሙን ይመለከታል። ጸሐፊው ሊዩ ወደ ግጥም የመጣው ከታሰረ በኋላ፣ ለዝናው ማድመቂያ እንደ ሆነ አድርገው ጽፈዋል። ይህ በቀላሉ የሚታረም ስሕተት ነው። ጂሊን ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር የግጥም ማኅበር አቋቁሞ ነበር፤ ይህም የዓለም ጋዜጦች ስሙን ከማወቃቸው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እውነተኛው ጥያቄ ግጥሞቹ ጥሩ ናቸው ወይ የሚለው ነው፤ በዚህ ረገድ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። ሁሉም እኩል አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ደም፣ መቃብር፣ ጨለማ የሚሉትን ቃላት ደጋግመው ይጭናሉ፤ ቁጣው ገና ሳይበስል የወረደባቸው ስንኞችም አሉ። ነገር ግን ጸሐፊው «የፖለቲካ መፈክር» ብለው ያለፏቸው የሰኔ አራት፣ ማለትም የቲያናንመን ግድያ መታሰቢያ፣ ግጥሞች በባሕርያቸው ሙሾ መሆናቸውን አላስተዋሉም። በየዓመቱ የግድያው ዕለት ሲመጣ ሊዩ አንድ የለቅሶ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ቤቱም ቢሆን፣ የጉልበት ሥራ ካምፕም ቢሆን፣ ይህን ልማዱን ለሃያ ዓመት ያህል ጠብቋል።

ከእነዚህ መካከል በ1991 የጻፈውን አንዱን ልጥቀስ። ዲንግ ዚሊን የተባሉት የዩኒቨርሲቲ መምህር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸው ጂያንግ ጂየሊያን በሰኔ ሦስት ሌሊት በጥይት ተገድሎባቸዋል። ልጁ ወላጆቹ አትሂድ ብለው ሲለምኑት በመታጠቢያ ቤት መስኮት ሾልኮ ነበር የወጣው። ሊዩ ከመጀመሪያው እስሩ ወጥቶ ይህን ሲሰማ ለልጁ ግጥም ጻፈ። በግጥሙ መንግሥትን የሚራገም ስንኝ የሚፈልግ አንባቢ ብዙ አያገኝም፤ የሚያገኘው በሕይወት የተረፈ ጎልማሳ በሞተ ልጅ ፊት ቆሞ ሲያፍር ነው። ሊዩ ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው ወራት የቀሩት፣ የታወቀ፣ የተጨበጨበለት ሰው ነበር፤ ልጁን ያወቀው ግን ከሞተ በኋላ ነው። እኛ በአማርኛ ሙሾን የምናውቅ አንባቢዎች አልቃሹ ሟቹን ሲያወድስ የራሱን ጉድለት እንዴት እንደሚያነሣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህን ግጥም ከመፈክር ለይቶ ማየት ሊቸግረን አይገባም። ለሚስቱ ለሊዩ ሺያ የጻፋቸው የፍቅር ግጥሞች ደግሞ ሌላ መልክ አላቸው፤ እሷም ገጣሚ፣ ሠዓሊና ፎቶ አንሺ ስለ ነበረች፣ ብዙዎቹ የአንድ ባለሙያ ለሌላው ባለሙያ የተላኩ ጽሑፎች ናቸው። ጸሐፊው ስለ እነሱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሁለተኛው ክስ ታላላቆቹን በመዝለፍ ታወቀ የሚለው ነው። በ1986 ቤጂንግ ውስጥ ከማኦ በኋላ የተጻፈውን የአሥር ዓመት ሥነ ጽሑፍ የሚገመግም ጉባኤ ተጠራ። ጉባኤው በምስጋና የተሞላ ነበር፤ ከዝምታና ከሞት የወጡ ደራስያን እንደ ገና መጻፍ መቻላቸው በእርግጥም የሚያስመሰግን ነበር። ሊዩ ተነሥቶ፣ አንደበቱ የሚኮላተፍ ወጣት መምህር ሆኖ ሳለ፣ ያ የሚወደሰው ሥነ ጽሑፍ ችግር ላይ መውደቁን ተናገረ። የክርክሩ ፍሬ ይህ ነበር፦ ደራስያኑ በደረሰባቸው መከራ ላይ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ወደ ጥንቱ ባህል ተመልሰው መጽናኛ ይፈልጋሉ፣ ራሱን ችሎ የሚያስብና ለራሱ ተጠያቂ የሆነ ግለሰብ ግን በድርሰቶቻቸው ውስጥ የለም። ንግግሩ በሼንዠን ጋዜጣ ላይ ታተመ፤ የሥነ ጽሑፉ ዓለምም «ጥቁር ፈረስ» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ማንም ሳያስበው ከኋላ መጥቶ የቀደመ ማለት ነው። ቀጥሎ በዘመኑ እጅግ የተከበረውን የሥነ ውበት ፈላስፋ ሊ ዘሆውን የሚሞግት መጽሐፍ አወጣ።

ቃላቱ ሻካራ ነበሩ፤ ይህን መካድ አይቻልም። አንዳንድ ፍርዱም የተጋነነ ነበር፤ የሺህ ዘመናት ባህልን በጥቂት ገጾች የሚጥል ሒስ ሊጋነን ግድ ነው። ቢሆንም ዘለፋና ሒስ የሚለዩበት መስመር አለ። ዘላፊ የሚነካው የሰውየውን ገመና ነው፤ ሊዩ የነካው የጻፉትን ነው፤ ሊ ዘሆውን ሲሞግት ስለ ግለሰብና ስለ ኅብረተሰብ፣ ስለ ስሜትና ስለ አመክንዮ ከጻፉት እየጠቀሰ ነው። ጸሐፊው ለዘለፋው ማስረጃ ብለው ያመጧቸው አረፍተ ነገሮች ሁሉ ስለ መጻሕፍትና ስለ ሐሳብ የተነገሩ እንጂ ስለ ማንም ሰው ቤትና ኑሮ የተነገሩ አይደሉም። ዕድሜና ማዕረግ ካላቸው ጋር የሚከራከር ወጣት ሁሉ ባለጌ ከተባለ፣ የቅኔ ቤቱ ተማሪ በመምህሩ ፊት ቅኔ ሲቀኝ፣ ሲነቅፍና ሲነቀፍ የኖረበትን ሥርዓት የት ልናኖረው ነው? የዝናውንም ነገር በተግባሩ እንመዝነው። በ1989 ጸደይ ሊዩ ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተጋባዥ ምሁር ነበር፤ ከዚያ በፊትም በኦስሎና በሃዋይ ቆይቷል። ተማሪዎቹ አደባባይ በወጡ ጊዜ የውጭ ቆይታውን አቋርጦ በሚያዝያ መጨረሻ ቤጂንግ ገባ። ዝና ብቻ የሚፈልግ ሰው ኒው ዮርክ ተቀምጦ መግለጫ መስጠት ይበቃው ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ አንባቢዎችን ያስቆጣ ይመስለኛል፤ ቢያስቆጣም ተገቢ ነው። በ1988 መጨረሻ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ባደረገው ቃለ ምልልስ ቻይና እንድትለወጥ ምን ያስፈልጋታል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሆንግ ኮንግ ዛሬ የደረሰችበት ለመድረስ መቶ ዓመት ቅኝ መገዛት ካስፈለጋት፣ እንደ ቻይና ያለ ትልቅ አገር ሦስት መቶ ዓመት ያስፈልገዋል የሚል መልስ ሰጠ። ጸሐፊው «የዐድዋ ልጆች የሆንን ይህን ሰው እንዴት እናከብራለን?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ንግግሩ ክፉ ንግግር ነው። ሆንግ ኮንግ የበለጸገችው በሕዝቧ ሥራ ነው፤ የብሪታንያ አገዛዝ ለዚያ ሕዝብ ለአብዛኛው ዘመን የመምረጥ መብት እንኳ አልሰጠም። ሊዩም በ2006 ጉዳዩ ሲነሣበት ያለ ዝግጅት የተናገረው መሆኑን ገልጾ ቃሉን ግን አላነሣም፤ የኖረ እምነቱን በተጋነነ መንገድ የገለጸ ነው አለ። እዚህ ላይ ልከላከልለት አልሞክርም።

የምቃወመው ጸሐፊው እዚህ ላይ ማቆማቸውን ነው። ከዚያ ቃለ ምልልስ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በመጋቢት 1989፣ ሊዩ ኒው ዮርክ ሆኖ ስለ ቻይና ምሁራን ለጻፈው መጽሐፍ የመደምደሚያ ጽሑፍ ጨመረ። በዚያም ምዕራቡን አጉልቶ ማየቱን፣ የምዕራቡን ሥልጣኔ ለቻይና ችግር ሁሉ መድኃኒት አድርጎ መቁጠሩን፣ በዚህም ራሱን ከፍ ካለ ቦታ ላይ የቆመ ፈራጅ አድርጎ ማስቀመጡን ጽፎ ራሱን ወቀሰ። ምዕራቡ ራሱ ሊተች የሚገባው ሥልጣኔ እንደ ሆነ፣ እሱ ግን ለዚያ ገና አቅም እንዳላገኘ ተናገረ። ይህ ማንም ሳያስገድደው፣ ፍርድ ቤትም ሳይቀርብ፣ በገዛ መጽሐፉ ላይ ያተመው ነው። አገሩን ስለ ጠላ ብቻ የሚጽፍ ሰው የጥላቻውን መደገፊያ በገዛ እጁ እንዲህ አይነቅልም። ጸሐፊው ቃለ ምልልሱን አግኝተው ይህን ጽሑፍ አለማግኘታቸው ይቻላል፤ አሁን ግን እንዲያነቡት እለምናለሁ።

አራተኛው ክስ የቲያናንመኑ ነው፤ ብዙ መናገር የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ሁለት ነገር ያነሣሉ፦ ሊዩ በ1989 በቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን ቀርቦ በአደባባዩ ሰው ሲገደል አላየሁም ብሏል፤ በኋላም የጸጸት ደብዳቤ ፈርሞ ወጥቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ታሪኩ ግን ከግድያው ሁለት ቀን በፊት ይጀምራል።

ሰኔ 2 ቀን 1989 ሊዩ፣ ዘፋኙ ሆው ደጂያን፣ ዦው ዱዎና ጋኦ ሺን በአደባባዩ የረኀብ አድማ ጀመሩ። ያወጡት መግለጫ መንግሥትን ብቻ የሚከስ አልነበረም። ተማሪዎቹንም ስለ ዲሞክራሲ እየጮሁ በመካከላቸው ዲሞክራሲያዊ አሠራር ባለማበጀታቸው ይነቅፋል፤ ምሁራንን በደካማነታቸው ይወቅሳል፤ ጥላቻና የኃይል ድርጊት አእምሯችንን እንዳይመርዙ፣ ጠላት የለንም ይላል። ወታደሩ ተኩስ ከፍቶ ወደ ከተማው መሐል በገባበት ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአደባባዩ ሐውልት ዙሪያ ተሰብስበው ነበር። ከሰዎች እጅ የተገኘ ጠብመንጃ በሐውልቱ አጠገብ ሰባብሮ የጣለው ሊዩ ነው፤ ለወታደሩ መተኮሻ ምክንያት እንዳይሆን። ሆው ደጂያንና ዦው ዱዎ ወደ መኮንኖቹ ሄደው ተማሪዎቹ የሚወጡበትን መንገድ አስፈቀዱ፤ አራቱም ተማሪዎቹን ተነሡ ብለው አሳመኑ። ሳይነጋ ተማሪዎቹ በአንድ ማዕዘን በኩል ወጡ። ያን ሌሊት ብዙው ሰው የተገደለው ወደ አደባባዩ በሚወስዱት ጎዳናዎች፣ በተለይ በምዕራብ በኩል በሙሺዲ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሊዩ በአደባባዩ ውስጥ ሰው ሲሞት አላየሁም ማለቱ ያየውን መናገር ነበር፤ መንግሥት ግን ያንን ቃል ወስዶ ግድያ የለም ለማለት ተጠቀመበት። ሊዩ በዚያ ጊዜ እስረኛ ነበር። አስቀድሞ አንድ የአውስትራሊያ ዲፕሎማት በመኪና እስከ ኤምባሲው በር አድርሶት መግባት ይቻለው ነበር፤ አልገባም፤ ሰኔ 6 ተያዘ።

የፍርድ ቤቱ ነገር ራሱ አስተማሪ ነው። በጥር 1991 «ፀረ አብዮት ቅስቀሳ» በሚል ጥፋተኛ ብሎት፣ ነገር ግን በአደባባዩ ደም መፋሰስ እንዳይኖር በማድረጉ ከቅጣት ነፃ አወጣው። ጸሐፊው ይህንን «ከመንግሥት ጋር ለመተባበሩ ማስረጃ» ብለውታል። እኔ ግን የምለው ከሳሹ መንግሥት ራሱ የመሰከረለት የሰው ነፍስ ማዳኑን ነው። የጸጸት ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ሊዩ ከማንም ቀድሞ ያጋለጠው እሱ ራሱ ነው። በ1992 ታይዋን ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ደብዳቤውን መፈረሙን፣ በቴሌቪዥን መቅረቡን፣ በዚህም የሞቱትን መክዳቱን በማያዳግም ቃል ጽፏል፤ በአደባባዩ ላይ ስለ ነበረው የዝና ጥማት እንኳ ሳይቀር ተናዟል። ብዙ የትግል ጓደኞቹ ያን መጽሐፍ አልወደዱትም፤ ለመንግሥት መሣሪያ ይሆናል ብለው ነበር። ዛሬ ጸሐፊው ሊዩን የሚከሱበት ነገር ሁሉ ምንጩ የተከሳሹ ብዕር ነው። ስንቱ የአደባባይ ሰው ነው የራሱን ፈሪነት በመጽሐፍ ያሳተመ? ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው እስሩ ድረስ በየዓመቱ የጻፋቸው ሙሾዎችም የዚያ ዕዳ ክፍያ መሆናቸውን ማየት አያስቸግርም፤ ለዚህ ነው ግጥሙንና ሕይወቱን ነጥሎ መፍረድ የማይቻለው።

አምስተኛው ክስ በኢንተርኔት ስለ ጻፋቸው ነው። ሊዩ በ1990ዎቹ በአገሩ ማሳተም ተከልክሎ ነበር። ጽሑፉን በእጁ ጽፎ በብስክሌት ከተማውን አቋርጦ ፋክስ ወዳለው የውጭ አገር ወዳጁ ይወስድ እንደ ነበር፣ የአንድ አቤቱታ ፊርማ ለማሰባሰብም ረጅም ጊዜ ይፈጅ እንደ ነበር በኋላ ጽፏል። በ1996 የሦስት ዓመት የጉልበት ሥራ ቅጣት ተፈርዶበት፣ በካምፕ ሳለ ከሊዩ ሺያ ጋር ተጋብቶ፣ በጥቅምት 1999 ቤቱ ሲመለስ ከወዳጅ የተሰጠ ኮምፒዩተር ጠበቀው፤ ሚስቱ ትለማመድበት ነበር። ኢንተርኔት ፈጣሪ ለቻይና ሕዝብ የሰጠው ስጦታ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ከዚያ እስከ 2008 ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጣጥፎች ጻፈ፤ ከ2003 እስከ 2007 የቻይና ነፃ ደራስያን የፔን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ አንድ የኢንተርኔት መጽሔትም አዘጋጀ።

ጸሐፊው ማኅበሩና መጽሔቱ በአሜሪካ ምክር ቤት በጀት ከሚተዳደረው ከብሔራዊ የዲሞክራሲ ድጎማ ድርጅት ገንዘብ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። እውነት ነው፤ ምስጢርም አልነበረም፤ ድርጅቱ ራሱ ያሳትመዋል። በሙያው እንዳይሠራ የተከለከለ፣ በአገሩ አንድ መስመር ማሳተም የማይችል ጸሐፊ ከውጭ የሚከፈለውን ከመቀበል ሌላ ምን አማራጭ እንደ ነበረው ጸሐፊው አልነገሩንም። በ2003 የአሜሪካን የኢራቅ ወረራ መደገፉንም ጠቅሰዋል። ደግፏል፤ ተሳስቷልም፤ ያ ጦርነት ያስከተለው እልቂት የዚያን ጊዜ ክርክሩን ውድቅ አድርጎታል። የአሜሪካን ሥልጣን የተመለከተበት ዓይን በ1989 በራሱ ላይ ካቀረበው ወቀሳ የሚጠበቀው ጥንቃቄ አልነበረውም፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ሁሉም ጽሑፉ ለዋሽንግተን የተጻፈ ነበር» ማለታቸውን ግን አልቀበለውም። ስለ ምን እንደ ጻፈ እንይ። በ2007 ከሄናን ክፍለ ሀገር 400 አባቶች የጠፉ ልጆቻቸው በሻንሺ የጡብ ፋብሪካዎች በባርነት ተይዘዋል የሚል ደብዳቤ በኢንተርኔት አወጡ። ልጆች ታፍነው ተወስደው ያለ ደመወዝ እየተደበደቡ ጡብ ያቃጥሉ ነበር። ሊዩ በዚህ ላይ ጽፎ፣ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ሳያውቁ ቀሩ፣ ካወቁስ ለምን ዝም አሉ፣ ከታችኞቹ በቀር ማን ተጠየቀ ብሎ ጠየቀ። ይህ ጽሑፍ በ2009 ፍርድ ቤቱ ለጥፋቱ ማስረጃ አድርጎ ከቆጠራቸው ስድስት መጣጥፎች አንዱ ነው። የተሸጡ ልጆች አባቶች ጩኸት የዋሽንግተን ጉዳይ ነውን? በዚያው በ2007 ስለ ኮንፊሺየስ መልሶ መወደስ ሲጽፍ፣ ፈላስፋው በየዘመኑ ለባለሥልጣን ጌጥ መደረጉን፣ ምሁራኑም ከገዥ ጠረጴዛ የሚወድቀውን ሲጠብቁ መኖራቸውን ተችቷል፤ ይህም ከ1986ቱ ንግግር ጋር አንድ ሐሳብ ነው። ክሱም የስለላ ወይም ከባዕድ ጋር የመሻረክ ክስ አልነበረም፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 105 ንዑስ አንቀጽ 2 «የመንግሥትን ሥልጣን ለመገልበጥ ማነሣሣት» የሚለው ነው። ማስረጃው ስድስቱ መጣጥፎችና ቻርተር 08 ነበሩ። ቻርተሩ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች መግለጫ 60ኛ ዓመት በሚከበርበት በታኅሣሥ 10 ቀን 2008 የወጣ፣ መጀመሪያ 303 ሰዎች የፈረሙበት፣ የሥልጣን ክፍፍል፣ ነፃ ፍርድ ቤትና ምርጫ የሚጠይቅ ሰነድ ነው። ሊዩ ሰነዱ ከመውጣቱ ሁለት ቀን በፊት ተያዘ።

ስድስተኛው ነጥብ «ጠላት የለኝም» የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህ ቃል የኖቤል ኮሚቴን ለማስደሰት የተሰናዳ ነው ይላሉ። ቀኖቹ ይህን አይፈቅዱም። ሊዩ ቃሉን ያዘጋጀው ለታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ችሎት ነው፤ ሽልማቱ የተነገረው በጥቅምት 8 ቀን 2010 ነው። ቃሉም አዲስ አልነበረም፤ ራሱ እንደ ገለጸው ከሃያ ዓመት በፊት በሰኔ 2 መግለጫ ያለውን ነው የደገመው። በችሎቱ ዳኛው ለመከላከያ የሰጡት ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ከተጠቀመበት 14 ደቂቃ እንዳይበልጥ ስለ ወሰኑ ንግግሩን እንኳ አልጨረሰም። ከሁለት ቀን በኋላ 11 ዓመት ተፈረደበት። በታኅሣሥ 2010 በኦስሎ ጽሑፉን ተዋናይቱ ሊቭ ኡልማን አነበቡት፤ ተሸላሚው በጂንዦው እስር ቤት ነበር፤ ሚስቱ ያለ አንዳች ክስ ቤቷ ውስጥ ተዘግቶባት ነበር፤ እስከ 2018 ድረስም ነፃ አልወጣችም።

ሲሞግት የኖረ ሰው ጠላት የለኝም ሊል አይችልም የሚለው አስተሳሰብ ከመሠረቱ አያስማማኝም። ጸሐፊው ሙግትን ከጠብ አንድ አድርገውታል። ሊዩ በዚያ ንግግር ለፖሊሶቹም፣ ለዐቃቤ ሕጎቹም፣ ለዳኞቹም ጥላቻ እንደሌለው ሲናገር ሥራቸው ትክክል ነው አላለም፤ ክሱን በሙሉ ነው የተቃወመው። ያለው፣ ጠላትን የሚፈልግ አስተሳሰብ የአንድን ሕዝብ መንፈስ ይመርዛል ነው፤ በማኦ ዘመን ያደገ፣ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ሲነሣ ያየ ሰው ይህን ሲል ከመጽሐፍ አንብቦ አልነበረም። ሐሳብን እስከ መጨረሻው መዋጋት፣ ሰውየውን ግን ለማጥፋት አለመፈለግ፤ ይህን ልዩነት በ1986 በሊ ዘሆው ላይ፣ በ1992 በራሱ ላይ፣ በ2009 በከሳሾቹ ላይ ጠብቆታል፤ አንዳንዴ በቃላቱ ቢያልፍም።

ጸሐፊው በመጨረሻ ከቻይና ውጭ የሚኖሩ 14 ተቃዋሚዎች በ2010 ሽልማቱ ለሊዩ እንዳይሰጥ ለኮሚቴው መጻፋቸውን ያነሣሉ። ጽፈዋል፤ ለመንግሥት የለዘበ ነው፣ ሌሎች የተሰደዱ ሰዎችን አቃልሏል ብለው ከሰውታል። ይህ ክስ ግን ከጸሐፊው ክስ ጋር አብሮ ሊቆም አይችልም። በአንዱ ገጽ ሊዩ ስድብ የማይጠግብ ጽንፈኛ ነው፤ በሌላው ገጽ ለሥልጣን የተለሳለሰ ነው፤ ጸሐፊው ሁለቱንም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አስገብተው የትኛውን እንደሚያምኑ አልነገሩንም። ደብዳቤው በወጣበት ጊዜ ሊዩ የለመደውን የጽሑፍ መልስ መስጠት አይችልም ነበር። ሐምሌ 13 ቀን 2017 በሼንያንግ ሆስፒታል በ61 ዓመቱ ሞተ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በባሕር ተበተነ፤ ባለሥልጣናቱ የቤተሰቡ ፈቃድ ነው አሉ፤ ወዳጆቹ መቃብር እንዳይኖረው ነው አሉ። መጻሕፍቱ በቻይና ዛሬም የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው በጽሑፋቸው መዝጊያ «የቻይና ሕዝብ ራሱ ፈርዶበት ረስቶታል» ሲሉ፣ ሥራውን እንዲያነብ ባልተፈቀደለት ሕዝብ ስም ፍርድ ሰጥተዋል። ይህን አረፍተ ነገር እንዲያነሡት በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ፤ የ1989ኙን የመደምደሚያ ጽሑፍና ስድስቱን መጣጥፎች አንብበው የሚጽፉት ሌላ ነቀፋ ካለም፣ ለእሱም መልስ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።